የአባ መከታ የመጨረሻ ውሰት

ይህ ነገር የሆነው አራዊት ከእኛ የተሻለ ሕግ በነበራቸው ዘመን ነው። ዛሬ ብትጠይቋቸው አያስታውሱም፤ ቢያስታውሱም አይናገሩም። እኔ የምናገረው እነሱ ዝም ስላሉ ነው።

እልፍ ዋርካ በሚባለው ዱር መካከል አንድ የጨው ድንጋይ ነበር። ስንት ትውልድ ልሶት መሐሉ ጎድጉዷል። የዱሩ ሕግ ሁሉ በዚህ ድንጋይ ዙሪያ ያለ ነው። አንዱ እንስሳ የሌላው ነገር ሲያስፈልገው ሁለቱ ከድንጋዩ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ሰጪው የሚሰጠውን ነገር በግልጽ ይጠራል፤ ከዚያ እኩል ይልሳሉ። የተጠራው ነገር ከሰጪው ወጥቶ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሰው ይገናኙና ይልሳሉ፣ ነገሩም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ውሰት ይባል ነበር። በረዶ ሲጥል ቆቅ እንቁላሎቿን ለማዳን የኤሊን ቅርፊት ትዋሳለች፤ ኤሊ ያን ቀን ቅጠል ተከናንባ ትውላለች። አንዴ ጥንቸል የዝሆንን ሆድ ተውሶ የሳምንት ቀለብ በአንድ ጠዋት ፈጅቶ ነበር፤ ዝሆኑ ሆዱን ሲረከብ ጥጋቡንም አብሮ ተረክቦ ሲያቃስት አደረ። እንዲህ እየተሳሳቁ ይኖሩ ነበር። የድንጋዩ ጠባቂ እማማ ኤሊ ነበረች። ሥራዋ አንድ ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ "የባልንጀራ ነገር የያዛችሁ መልሱ!" ብላ መጣራት።

ስንዱ የምትባል ሚዳቋ ወደ ድንጋዩ የምትመጣው ለጨው ብቻ ነበር። ከእሷ ልዋስ ያላት አልነበረም፣ እሷም የማንንም አልተመኘችም። መንታ በወለደች በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጅቦች ወንዙን ተሻግረው መጡባት። ወንዱን ዳማ፣ ሴቷን እንኮይ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ሁለቱም መቆም እንጂ መሮጥ ገና አልቻሉም። እሷ ሮጣ ማምለጥ ትችል ነበር፤ እነሱን ጥላ ግን የት ትደርሳለች?

በአቅራቢያዋ ሥር የሚቆፍር አንድ ከርከሮ ነበር። ፊቱ ኪንታሮት የሞላበት፣ ጭቃ የማይለየው፣ ሲሮጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ዱሩን የሚያስቅ ከርከሮ ነው። ሁለቱን ግልገሎች በአፍንጫው እየገፋ ጉድጓዱ ውስጥ ከተታቸው፤ እሱም እንደ ዘሩ ልማድ በጀርባው ገባ። ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ክራንቻው ሁልጊዜ ወደ ውጭ እንዲያይ።

"እሜቴ፣" አላት ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "ፈርቻለሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈርቻለሁ። አንቺ ያን ዛፍ እየዞርሽ ጩኺ። እኔ እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አልወጣም።"

አልወጣም። ግራ ጆሮውን ገነጠሉት፣ አንድ ክራንቻው ተሰበረ፣ ፊቱ በደም ታጠበ። ጅቦቹ ግን ግልገሎቹን ሳይነኩ ተመለሱ። ስንዱ እስኪመሽ ቁስሉን ስትልስለት እሱ ያለ ሐፍረት እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ያን ቀን ከልቧ ወደደችው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የወደደችው ፍጡር የለም፤ ኋላ የሆነውን የሚሰማ ሁሉ ይህን ቢያውቅላት ደስ ይለኛል።

ጉሬዛ ይህን ሰማ። ጉሬዛ ከትከሻው እስከ ጎኑ የሚወርድ ነጭ ካባ ያለው፣ ከዛፍ ጫፍ ተቀምጦ የሚዘፍን፣ ለዱሩ ሁሉ ወሬና ዘፈን የሚያቀርብ ባለሙያ ነበር። ስለ ከርከሮው ዘፈን አወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን እውነት ነበር፤ ሦስቱ ጅቦች ነበሩበት፣ "ፈርቻለሁ" ያለው ነበረበት፣ እንባውም ነበረበት። አራዊቱ ሰምተው አለቀሱ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው ዘፈን ሲደገም አንዳንዱ ማዛጋት ጀመረ። ጉሬዛ አድማጭ ሲያዛጋ አይወድም። ጅቦቹን አሥር አደረጋቸው። አድማጩ ነቃ። ቀጥሎ ሠላሳ አደረጋቸው። "ፈርቻለሁ" የሚለውን ደግሞ፣ ጀግና ፈራ ሲባል ለልጆች አርአያ አይሆንም ብሎ አወጣው። እንባውንም እዚያው ጣለው። ለከርከሮው አባ መከታ የሚል ስም ሰጠው፣ ዱሩም በዚያው ጠራው።

"ሦስት ነበሩ እኮ፣" ይላት ነበር ከርከሮው ስንዱን፣ እየሳቀ። "አንቺ አይተሻል፣ ሦስት ነበሩ።"

በሦስተኛው ወር ይህን ማለት ተወ።

ጅቦቹ ሲመለሱ አባ መከታ የዝሆንን ጉልበት ተውሶ መለሳቸው፣ ማታውን ጉልበቱን አስረከበ። ሲደግሙ የጃርትን እሾህ ተዋሰ፣ እሱንም አስረከበ። በሦስተኛው ጊዜ ጉሬዛ ጉባኤ ጠራ።

"ወገኖቼ፣" አለ ከቅርንጫፉ ላይ ካባውን እያስተካከለ፣ "ጅብ እስክንዘጋጅ ይጠብቀናል ወይ? ጀግናችን የዝሆንን ጉልበት ሊመልስ ድንጋዩ ዘንድ ሲንከራተት ጠላት ቢደርስ ማን ሊጠየቅ ነው? እማማ ኤሊ ትጠየቅልናለች? ደግሞስ ዝሆን ጉልበቱን ይዞ ምን ሊያደርግ ነው? ቅርንጫፍ ሊሰብርበት? እሱ ዘንድ ሲሆን ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ አባ መከታ ዘንድ ሲሆን ዱር ያድናል!"

ጭብጨባው ሲበርድ እማማ ኤሊ ወደ መሐል ተጎትታ መጣች።

"ልጆቼ፣ ሕጉ የወጣው ለሰጪው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ለወሳጁም ነው። ቅርፊቴን ሦስት ቀን ያቆየችብኝ ቆቅ ነበረች። በአራተኛው ቀን ጫጩቶቿ ከሥሯ ሲወጡ አላወቀችም። እኔ ነኝ ያሳየኋት። ይህን ጎበዝ የምትወዱት ከሆነ ማታ ማታ አራቁቱት።"

አራዊቱ ሳቁባት። አንዱማ "እማማ ለቅርፊቷ ሳስታ ነው" አለ። በዚያው ሳቅ መካከል ቅርፊቷን ለዱሩ ክብር "በፈቃዷ" እንድትሰጥ ተወሰነ፤ በፈቃዷም ወሰዱባት። ራቁቷን ስትሄድ እያዩ ያጨበጨቡት የኋላ ኋላ አላየንም ብለዋል።

ከዚያ ወዲህ መመለስ የሚባል ነገር ቀረ። ዝሆኑ ጉልበቱን ሰጥቶ ኩምቢውን ማንሳት አቃተው፤ ሌሎች ሣር እያቀረቡለት ይኖር ነበር። ጃርት በባዶ ቆዳው ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ይሸሸጋል። ንስር ዐይኑን ሰጠና ጉቶ ላይ ተቀምጦ ማን መጣ እያለ ይጠይቃል። ጉማሬ የቆዳውን ውፍረት፣ ዘንዶ ወር ሙሉ ሳይበላ የሚኖርበትን ሆድ፣ አይጥ እንኳ ጥርሷን ሰጠች። ጉሬዛም ወረፋው ሲደርስ ካባውን አውልቆ አለበሰው፤ ራቁቱን ቀርቶም ዘፈኑን አላቋረጠም። የሚገርመው መከፋታቸው አይደለም፤ አለመከፋታቸው ነው። ዕውሩ ንስር "ያ ሩቅ የሚያየው የኔ ዐይን ነው" እያለ ጎረቤቱን ያደነቁር ነበር።

አባ መከታ መራብ ሲተው ሥር መቆፈር ተወ፤ መቆፈር ሲተው ከሌሎች ጋር መዋል ተወ። ሚስቱ አጠገቡ በተኛች ቁጥር እሾሁ ሲወጋት ከርማ አንድ ጠዋት ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች፤ መሄዷን የነገረው ጉሬዛ ነው። ፍርሃቱን ማንም አልወሰደበትም። የሚፈራው ነገር ሲጠፋ ፍርሃቱ እዚያው ውስጡ ደረቀ፣ ማንም እንደማይቀዳው ምንጭ።

ጅቦቹ ደግሞ ጅል አልነበሩም። መምጣት አቆሙ። ይህ ለዱሩ ደስታ፣ ለጉሬዛ ግን ችግር ሆነ፤ ጀግናው ካልተዋጋ ምን ይዘፈናል?

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አንካሳ ጅብ ውሃ ልትጠጣ ወንዙ ዳር ብቅ አለች። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆኖ "ወረሩን!" አለ። አራዊቱ ለማየት ግልብጥ ብለው ወጡ፤ ልጅ ያዘለው አዝሎ፣ ቦታ የያዘው ይዞ። አባ መከታ ከኮረብታው ላይ ተወርውሮ መጣ። ከኮረብታው እስከ ወንዙ ድረስ ያለው መስክ ግልገሎች የሚግጡበት መስክ ነው። መሬቱ ተናወጠ፣ አቧራው ሰማይ ደረሰ፣ አራዊቱ በጭብጨባ አበዱ። አሮጊቷ ጅብ አንከስ እያለች ወንዙን ዋኝታ አመለጠች።

አቧራው ሲሰክን ስንዱ ልጆቿን ልትጠራ ወረደች። እንኮይ ከአንድ ድንጋይ ጥግ ተለጥፋ ነበር። ዳማ እዚያው መስኩ ላይ ነበር። የእናቱን ጡት ከተወ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ቀንዱ ገና እንደ ጎመን ዘር ብቅ ማለቱ ነበር። ስንዱ ፊቱን ፈልጋ ልትልሰው አጎነበሰች፤ የሚላስ ፊት አልነበረውም።

ሌሎች አራት ግልገሎችም ወድቀው ነበር። እናቶቻቸው ጮኹ። ስንዱ አልጮኸችም፤ ቀጥ ብላ ወደ አባ መከታ ሄደች። እሾሁ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ነጩ ካባ ላዩ ላይ ተንጣሎ፣ ቆሞ አገር ያያል።

"ጌታዬ፣ ልጄን ረገጡት።"

"መቼ?"

"አሁን። ጅቧን ሲያባርሩ።"

እግሩን አነሳና አየው። በሰኮናው ስንጥቅ መካከል ቀይ ጸጉር ተጣብቆ ነበር።

"አልተሰማኝም፣" አለ።

"ዳማ ነው እኮ። ጉድጓድዎ ውስጥ የከተቱት ዳማ። ጆሮዎን የገበሩለት።"

"አልተሰማኝም አልኩሽ። ቢሰማኝ እነግርሽ ነበር።"

በቁጣ አልነበረም፣ በንቀትም አልነበረም። ዛሬ ነፋስ የለም እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ስንዱ እንባውን ስትጠብቅ ቆመች። አንዲት ዘለላ ቢያፈስ ኖሮ ይቅር ትለው ነበር፤ እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እሷም ኋላ ለእማማ ኤሊ ይህንኑ ነግራታለች። እሱ ግን እግሩን አወረደና ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ስንዱ ያን ጊዜ ቂም ቋጠረች። እንደ ስንዱ ያለች ትንሽ ፍጡር ቂም ስትቋጥር ሌላ ሥራ የላትም፤ ትበላለች ለቂሟ፣ ትተኛለች ለቂሟ።

በሳምንቱ አዲስ ዘፈን ወጣ። መቶ ጅብ ያለቀበት ዘፈን ነው። ዳማም አለበት፤ ለዱሩ ክብር ራሱን በፈቃዱ የሠዋ ግልገል ተብሎ። ድኩላዎቹ ከመንገድ አስቁመው "ታድለሽ! ስሙ ተነሳልሽ!" አሏት። አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። 

እማማ ኤሊ በዚያ ጊዜ የምትኖረው በሁለት ድንጋዮች መካከል በምትገኝ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንዱ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

"የልጄን ደም መመለስ እፈልጋለሁ።"

"በምንሽ? ቀንድሽ የጃርት እሾህ አያክል። እሾሁም አሁን የእሱ ነው።"

"ያልተሰጠው ምን አለ?"

ኤሊ አሰበች። "ምን ቀረ ልጄ? ጉልበት ሰጠነው፣ ዐይን ሰጠነው፣ የሚያኮራንን ሁሉ ሰጥተን ጨረስን።"

"የሚያሳፍረንንስ?"

ኤሊ ቀና ብላ አየቻት። ቅጠል ኮሽ ሲል የምትዘለውን፣ በጥላዋ የምትደነግጠውን፣ ሰውነቷ ከጆሮ እስከ ጭራ ፍርሃት የሆነውን ይህችን ሚዳቋ ያኔ ነው ደኅና አድርጋ ያየቻት።

"አታድርጊው ስንዱ። ነገሩ ከወጣ አብሮ ምን እንደሚወጣ አናውቅም። እንኮይስ ምን ትሁን?"

"ዳማስ ምን ሆነ?"

"ዳማ ሞቷል። እንኮይ በሕይወት አለች።"

ስንዱ ግን ተነስታ ሄደች። ምክር የምትሰማበት ጆሮዋ ከዳማ ጋር ተቀብሯል።

የአባ መከታ ቀን የሚባል በዓል በየወሩ ይከበር ነበር። ዱሩ ሁሉ በጨው ድንጋዩ ዙሪያ ተሰብስቦ የቀረውን ይሰጣል። ያን ወር የቀረው ትንሽ ነበር፤ ሽኮኮ የጸጉሯን ልስላሴ፣ አውራ ዶሮ የማለዳ ድምፁን ሰጡ። ዶሮው ከዚያ በኋላ አፉን ሲከፍት ምንም አልወጣም፤ ሕዝቡም ልብ አላለም። ስንዱ ወደ መሐል ወጣች። ልጇን ልታነሳ ነው ብለው ብዙዎች አንገታቸውን ሰበሩ።

"ጌታዬ አባ መከታ፣" አለች፣ "ከዚህ ሁሉ ወገን እኔ ብቻ ባዶ እጄን ስመጣ ኖርሁ። ዛሬ ያለኝን ይዤ መጥቻለሁ። ፍርሃቴን ልስጥዎ።"

ዱሩ በሳቅ ፈረሰ። ጉሬዛ ግን አልሳቀም፤ ከዛፉ ወርዶ መጣ።

"ሐዘን አእምሮዋን ነስቷታል። ወደ ዳር አድርጓት።"

አባ መከታ እግሩን አነሳ፣ ሁሉም ጸጥ አለ።

"ፍርሃት ምንድን ነው?" አለ። ሲቀልድ አልነበረም፣ ረስቶታል።

"ድሮ ነበረዎ ጌታዬ። ጉሬዛ ነው ከዘፈኑ ያወጣብዎ።"

"ይህ የቆመው ሁሉ አለው?"

"ሁሉም አለው። ልጅ አዋቂው አለው። ከዱሩ መካከል የሌለዎ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ይህን ሲሰማ ወደ ድንጋዩ ተራመደ። ጉሬዛ ካባውን ይዞ ጎተተው፣ "ጌታዬ ይቅርብዎ፣ ጌታዬ ይህ ነገር አይበጅም" እያለ ለመነው። ማንኛውም ጤነኛ እንስሳ ይህን ስጦታ ቢያቀርቡለት ፈርቶ ይተወው ነበር። አባ መከታ ግን የሚፈራበት አልነበረውም።

እኩል ላሱ።

ስንዱ ስትወለድ ጀምሮ ጉልበቷ ውስጥ የነበረ አንድ ነገር ሲወጣ ተሰማት። ሁልጊዜ ቆመው የኖሩት ጆሮዎቿ ረገቡ። ዱሩ እንደዚያ ጸጥ ብሎላት አያውቅም። ቀና ብላ አባ መከታን አየችው፤ ትልቅ ነበር፣ ከዚያ ያለፈ ምንም አልነበረም።

እሱ ደግሞ በንስር ዐይን ሰባት ተራራ ማዶ ያለውን ነብር ጥርስ አየ። በየቅጠሉ ሥር ያለውን እባብ አየ። የገዛ እሾሁ ጥላ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ አየና ጮኸ። የዝሆን ጉልበት ያለው ፍጡር በሚዳቋ ፍርሃት ሲሮጥ ያላየ ሰው ሽሽት አየሁ አይበል። ዛፉ ተነቀለ፣ ሕዝቡ ተበተነ፣ ነጩ ካባ የእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሸሸው ወደ ድሮ ጉድጓዱ ነው፤ በቋጥኝ ሥር ወዳለው ጉድጓድ። የዘሩን ልማድ ግን ረስቶት ነበር። በጀርባው መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ ገባ። የጃርት እሾህ ወደ ኋላ የተኛ ነው፤ ሲገቡበት ይታጠፋል፣ ሊወጡ ሲሉ ይቆማል። ልውጣ ባለ ቁጥር አፈሩን ይነክሳል። ጉልበቱን ሁሉ ቢያወጣ ከላዩ ያለው ቋጥኝ ነበር፣ እሱም ፍንክች አላለም።

ጉድጓዱ በማዶ በኩል ጠባብ መተንፈሻ ነበረው። ስንዱ ዞራ በዚያ በኩል ገባች። ፊቱ እዚያ ነበር፤ ያው ኪንታሮታሙ ፊት፣ ያው የተሰበረ ክራንቻ፣ በእንባ ርሶ።

"ስንዱ፣" አላት ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ተሰማኝ። አሁን ተሰማኝ። ከእግሬ ሥር ሲሰበር፣ አጥንቱ... ትንሽ ነበር እኮ። ትንሽ ነበር!"

"አዎ።"

"ምን አደረግሁሽ! የሁሉንም ልመልስ። ድንጋዩን አምጡልኝ፣ ልላስና ልመልስ። ጉልበቱንም፣ ዐይኑንም፣ ያንቺንም። እባክሽ፣ ከርከሮ አድርጊኝ።"

አራዊቱም ይህን ሰሙ። ከጨው ድንጋዩ ሁለት ስባሪ ቆርሰው አመጡ። አንዱ ምላሱ ላይ ከደረሰ ባለቤቶቹ በየተራ ሌላውን ከውጭ እኩል እየላሱ ነገራቸውን ሊረከቡ ይችላሉ። ግን በማጓራቱ አፈር ከሚያርገፈግፍ ፍጡር ፊት ማን ይግባ? የማትፈራው አንዲት ብቻ ናት። ስንዱ ስትወጣ አንዱን ስባሪ አፏ ላይ አስያዟት። እማማ ኤሊ ራቁት ሆዷን እየጎተተች መጣችና እግሯ ላይ ወደቀች።

"ስንዱ፣ አሁን እሱ ነው፣ የድሮው። ልጅሽን ያዳነው ነው የሚያለቅሰው። ስለ ዳማ ብለሽ ሳይሆን ስለ እኛ ብለሽ አድርሺለት።"

ስንዱ ገባች። ጨዉን ከምላሱ አንድ ስንዝር አርቃ አስቀመጠችውና ከጎኑ ተኛች።

አባ መከታ ምላሱን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ዘረጋ፣ አሁንም አልደረሰም። "ስንዱ፣ ትንሽ ቀርቷል፣ ትንሽ ግፊልኝ" አላት፤ ያልደረሰው ተሳስታ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ገባው። ከዚያ ወዲያ ልመናው ሌላ ዓይነት ልመና ሆነ። አልደግመውም።

ሦስት ቀን እዚያው ተኝታ አየችው። ልትጎትታት የሞከረች ድኩላ ነበረች፤ ስንዱ ቀንዷን ዝቅ ስታደርግ ጉልበትም እሾህም የሌለው ያ ሕዝብ ከአንዲት ሚዳቋ ፊት ሸሸ። አባ መከታን በዘንዶ ሆዱ ራብ አልገደለውም፤ በጉማሬ ቆዳ ቁስል አልገደለውም። ልብ ግን ማንም አውሶት አያውቅም። እዚያ ሁሉ ጉልበትና ቅርፊት ሥር የነበረው ያው ትንሹ የከርከሮ ልብ ነው፤ ያን ሁሉ ፍርሃት መሸከም አቃተውና በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጥ አለ። የዝሆን ጉልበት፣ የንስር ዐይን፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የዶሮ ድምፅ ሁሉ አብሮት ሞተ። ውጭ ያሉት ይህን ያወቁት ዕውሩ ንስር ከጉቶው ላይ "ዐይኔ ሞተ!" ብሎ ሲጮህ ነው።

ስንዱ ወጣች። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችውን ደስታ ውስጧ ፈለገችው፣ አጣችው። ሐዘኑንም ፈለገችው፣ እሱም አልነበረም። ዳማን አሰበች፤ ትንሽ ነበር፣ ቀይ ነበር፣ ሞቷል። በቃ ይኸው ነው።

የአባ መከታ ማጓራት መቆሙን ጅቦችም ሰምተዋል። ከወንዙ ማዶ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በዚህ ጊዜ በዘፈን ሳይሆን በእውነት ሠላሳ ነበሩ። አራዊቱ እርስ በርስ ተያዩ። የሚያየው የለም፣ የሚወጋው የለም፣ የሚገፋው የለም። ከዚያ አንድ በአንድ ዐይናቸውን ወደ ስንዱ መለሱ። ጅቦቹን እያየች ሣር ትግጥ ነበር።

"አልፈራችም!" አለ አንዱ።

"አባ መከታን የጣለች እሷ ናት!" አለ ሌላው።

ጉሬዛ ካባውን ከቁጥቋጦው ላይ አላቆ አቧራውን አራገፈና መጥቶ በስንዱ ትከሻ ላይ ጣለው። ጉሮሮውን ጠረገ። የሚዳቋ የነበረውን ትንሽ ቁመቷን በመጀመሪያው ስንኝ ላይ የዝሆን አደረገው። ሕዝቡ ስባሪ ጨዉን ይዞ ወደ እሷ ተሰለፈ፤ የቀረችውን ጥቂት ነገር ለመስጠት፣ እግሩን የሚሰጥ፣ ትንፋሹን የሚሰጥ። እማማ ኤሊ ለመጮህ አፏን ከፈተች፣ በዘፈኑ ውስጥ አልተሰማችም።

እንኮይ በዚያ ሁሉ እግር መካከል ሾልካ መጥታ እናቷ ሆድ ሥር ገባች። ትንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ ጎንበስ ብላ ትልሳታለች ብላ ጠበቀች፤ ስትጠብቅ ቆየች። ከዚያ ወጣችና ብቻዋን ወደ መስኩ ወረደች፤ ወንድሟ ወደ ወደቀበት፣ ወንዙ ዳር።

ጅቦቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር። ስንዱ ልጇ ወደየት እንደምትሄድ አየች፣ ጅቦቹም ወዴት እንደሚመጡ አየች። አልጠራቻትም። የምትጠራበት ምክንያት አልታያትም።